የአጎቴ ሦስት ደብተሮች፦ ከፊልም ማርክ የሰው ምርጫን የማውጣት ሥራ

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ያዩትን ፊልም ሁሉ በደብተር መዝግበዋል፦ ቀኑን፣ ርእሱን፣ ያዩበትን ቦታ፣ ከ10 የሰጡትን ማርክ፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት ቃል አስተያየት። ሦስተኛው ደብተር ላይ ደርሰዋል። የመጨረሻው መስመር የ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ጋርዶት ነበር። ባለፈው ኅዳር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አሁን በደንብ ያያሉ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «እስቲ የሚታይ ነገር አምጪ» ይሉኛል። ካመጣሁት ውስጥ ግማሹን ጀምረው ይተዉታል።

ሥራው ይህ ነው፦ ከማርኮቹ ተነሥቶ ምን እንደሚወዱ ማወቅ፤ ከተቻለም ላላዩት ፊልም ስንት እንደሚሰጡ የሚገምት ፕሮግራም መጻፍ።

መሣሪያ፦ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ኤክሴል፣ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)። ደብተሮቹ ከቤት እንዲወጡ አልፈቀዱም፤ ስለዚህ 148ቱንም ገጽ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጬ በስልክ አነሣሁ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀ።

ጥር 26

ጽሕፈቱ አለቀ። የሰፈራችን ተማሪ በመስመር 4 ብር ሒሳብ ከፎቶው ወደ ኤክሴል ገለበጠልኝ። 638 መስመር፣ 2,552 ብር። የ27ቱ ርእስ አይነበብም፤ የመጀመሪያው ደብተር ጥግ ውኃ ነክቶታል። 34ቱ ደግሞ ማርክ የላቸውም፤ አወጣኋቸው። 577 ቀረ።

ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛው፣ በ74 መስመሮች ላይ ማርኩ 50፣ 60፣ 70 እየተባለ ገብቷል። ከ100 ያረሙበት ጊዜ ይኖራል ብዬ ለ10 አካፈልኩት። የመጀመሪያውን ቁጥር ግን አላጠፋሁም፤ በሌላ ዓምድ አስቀመጥኩት።

ሁለተኛው የቦታው ዓምድ ነው። አጎቴ የሲኒማ ቤቱን ስም ያሳጥራሉ፦ «ራስ»፣ «ኢት»፣ «አም»። «ራስ» የመርካቶው ሲኒማ ራስ ነው፤ «ኢት» ሲኒማ ኢትዮጵያ። «አም» ግን አምፒርም አምባሳደርም ሊሆን ይችላል። እስክጠይቃቸው ድረስ ሁለቱን አንድ አድርጌ ይዤአለሁ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ «ቪ.ቤ.» የሚል ይበዛል፤ ቪዲዮ ቤት ማለት ነው። ከዚያም «ቤት»።

የካቲት 4

የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ፊልም ከተሠራበት ዓመት እስከታየበት ዓመት ስንት ዓመት እንዳለፈ የሚያሳይ ነው። አጎቴ አዲስ ፊልም ይወዱ ወይም ያረጀ፣ ማየት ፈልጌ ነበር። ውጤቱ፦ ብዙዎቹን ፊልሞች ገና ሳይሠሩ አይተዋቸዋል።

ጥፋቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የፊልሞቹ ዓመት በፈረንጅ፣ የደብተሩ ቀን በእኛ። ይህንን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ምልክቱም ከመጀመሪያው ነበር። ቀኖቹን 30/2/1985 እያልን ስናስገባ ኤክሴል አንዳንዱን ቀን አልቀበልም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ትቶት ነበር። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት 30 ቀን አለው፤ የእነሱ ሁለተኛ ወር የለውም። የጳጉሜ ቀኖችንም 13ኛ ወር ስለማያውቅ ትቷቸዋል። እነዚያን ጥቂት መስመሮች «የጽሕፈት ስሕተት» ብዬ አለፍኳቸው እንጂ የቀሩት 500 ምናምን መስመሮች በዝምታ እንደ ፈረንጅ ቀን መቆጠራቸውን አላስተዋልኩም። ያስጠነቀቁኝ እምቢ ያሉት መስመሮች ነበሩ።

7 ወይም 8 ደምሮ ማለፍ አይበቃም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ የታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ራሱ ይከፈላል። ቀን በቀን የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ጻፍኩና ሁሉንም እንደገና አስላሁ። አሁን ከሦስት ፊልሞች በቀር ሁሉም በቦታው ገባ። ሦስቱ የርእስ ስሕተት ናቸው።

የካቲት 15

የርእስ ሥራ። አሥር ቀን በላ።

አጎቴ ርእስ የሚጽፉት በፊደል ነው። አንዳንዱን የውጭ ርእስ እንደሰሙት ገልብጠውታል፤ አንዳንዱን በአማርኛ ተርጉመውታል፤ አንዳንዱን ደግሞ በተዋናዩ ስም ብቻ ይጠሩታል። ይህንን በላቲን ፊደል ከተጻፈ ዝርዝር ጋር ማገናኘት አለብኝ።

የሞከርኩት በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አደረግኩ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ። ቀጥሎ ወደ ላቲን ገልብጬ፣ በሁለት ቃላት መካከል ስንት ፊደል መለወጥ እንዳለበት የሚቆጥረውን የተለመደ ስልት ተጠቀምኩ። መጥፎ ነበር። አንድ የጦርነት ፊልም ከሕፃናት ካርቱን ጋር ተጋጠመ፤ አጎቴ ለካርቱን 8 የሰጡ መስሎኝ ትንሽ ተደስቼ ነበር።

ችግሩ አናባቢው ላይ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ የላቲኑም አጻጻፍ እንደ አነባበቡ አይሄድም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አናባቢዎቹን በሙሉ ጥዬ ተነባቢዎቹን ብቻ አወዳደርኩ። የተደጋገመ ተነባቢም አንድ ተቆጠረ። ቭን እሳቸው ሁልጊዜ በብ ስለሚጽፉ ሁለቱን አንድ አደረግኩ። ከዚያ ፊልሙ የተሠራው ከታየበት ቀን በፊት መሆን አለበት የሚል ማጣሪያ ጨመርኩ። ይህ ማጣሪያ ያለ ቀኑ ጥገና አይሠራም ነበር። አሁን ማሽኑ ያቀረባቸውን ጥንዶች አንድ በአንድ በዓይኔ አረጋግጫለሁ።

የካቲት 27

የሰው ምርጫ ከአንድ ሰው ማርክ ብቻ አይወጣም፤ የሌሎች ሰዎች ማርክ ለማወዳደሪያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የግሩፕሌንስ ቤተ ሙከራ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሙቪሌንስ የሚባል የፊልም ማርክ ስብስብ ለምርምር በነፃ ያወጣል። በትንሹ ጀመርኩ፤ 610 ሰዎች፣ 100,836 ማርኮች። ከደብተሩ ጋር የሚገጥመው ፊልም ጥቂት ሆነብኝ። ወደ ትልቁ ሄድኩ፤ 162,541 ሰዎች፣ 62,423 ፊልሞች፣ 25,000,095 ማርኮች።

ከ577ቱ 312ቱ ተገኙ። ያልተገኙት 265 ናቸው፤ 121 የህንድ፣ 88 የአማርኛ፣ 56 ሌላ። 88ቱ አሳዝነውኛል። በደብተሩ ውስጥ አስተያየት የበዛባቸው እነሱ ናቸው፤ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ስብስብ ውስጥ ግን እንዳልተሠሩ ይቆጠራሉ። ዘውጋቸውን (ኮሜዲ፣ አክሽን እየተባለ የሚለየውን ዓይነታቸውን) እና ዓመታቸውን በእጄ ሞላሁ።

ላፕቶፑ ደግሞ ቆመብኝ። ሰዎቹን በረድፍ፣ ፊልሞቹን በዓምድ አድርጌ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ልሥራ ብዬ ነው። 162,541 ሲባዛ በ62,423 ከ10 ቢሊዮን ሳጥን በላይ ይሆናል፤ በሳጥን 4 ባይት ቢታሰብ እንኳ 40 ጊጋባይት ያስፈልጋል። ከሺህ ሳጥን የተሞላው ግን 2 ተኩል ያህሉ ብቻ ነው። ባዶውን ትቶ የተሞላውን ብቻ በሚይዘው የማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ዓይነት ስቀይረው በደቂቃዎች አለቀ።

መጋቢት 9

የመጀመሪያው ግምት። ሦስተኛውን ደብተር (131 ማርክ) ለፈተና አስቀምጬ ፕሮግራሙን በሁለቱ (446) አሠለጠንኩ። በዕጣ ብከፋፍለው ኖሮ ሁለት ጊዜ ያዩት ፊልም የኋለኛው ማርክ ማሠልጠኛ፣ የፊተኛው ፈተና ውስጥ ሊገባና መልሱ ሊሾልክ ይችላል። መለኪያው የተለመደው ነው፤ የስሕተቱን ስኩዌር አማካይ ወስዶ ሥሩን ማውጣት።

ምንም ሳያስቡ ለሁሉም ፊልም የአጎቴን አማካይ (6.3) ቢሰጡ ስሕተቱ 1.52 ነው። ዘውግ፣ አገር፣ ዘመንና ቦታ የገባበት ሪግሬሽን (ከእነዚህ ዓምዶች ማርኩን የሚያሰላ ቀመር) 1.49 አመጣ። ያን ሁሉ ለፍቼ 0.03።

ከዚያ የሙቪሌንሱን ማርክ ተጠቅሜ ማትሪክሱን ወደ ጥቂት የተደበቁ (ማንም ያልሰየማቸው፣ ከማርኮቹ ብቻ የሚወጡ) ባሕርያት የሚበትነውን ስልት ሞከርኩ። እዚያ ያለው መስፈርት እስከ 5 ኮከብ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሰው ማርክ ላይ የራሱን አማካይ ቀንሼ ለራሱ መደበኛ ልይይት (ማርኮቹ ከአማካዩ ለሚርቁበት መጠን) አካፈልኩ። አጎቴ 10 ሰጥተው አያውቁም፤ ዝቅተኛው 2 ነው። የእሳቸው 8 የሌላ ሰው 5 ኮከብ ነው። ውጤቱ 1.41 ሆነ፤ ማታውን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ስመለከተው ስሕተት ነበረበት። 1.41 የተለካው በሙቪሌንስ ውስጥ በተገኙት 70 የፈተና ፊልሞች ብቻ ነው፤ 1.52 ደግሞ በ131ዱም። በእነዚያው 70 ላይ ባዶው አማካይ ራሱ 1.43 ነው። ትርፉ 0.02 ብቻ ሆነ።

ያጽናናኝ የኔትፍሊክስ ውድድር ታሪክ ነው። በ2006 በፈረንጅ አቆጣጠር ኩባንያው የራሱን ግምት በ10 በመቶ ለሚያሻሽል 1 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፤ ከዓለም ዙሪያ ቡድኖች ገብተውበት ከ0.9525 ወደ 0.8567 ለማውረድ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ከዚያ ሥራ ከቀሩት ትምህርቶች አንዱ፣ ስለ ጣዕም ከመነገሩ በፊት ሰውየው ለጋስ ወይስ ቆጣቢ፣ ፊልሙ በሁሉም የሚወደድ ወይስ የሚጠላ የሚለው ቁጥሩን በብዙ እንደሚወስነው ነው። እኔ ገና እዚያ ላይ ነኝ።

መጋቢት 14

በአማካይ ማየት አቁሜ የዘውጎቹን ሥርጭት ሣልኩ። የኮሜዲ አማካይ 6.2 ነው፤ ከጠቅላላው አማካይ ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት ስለቀረው ፕሮግራሙ «ኮሜዲ ለውጥ አያመጣም» ብሎ ነበር። ሥዕሉ ግን ሁለት ጉብታ አለው፤ አንዱ 4 እና 5 ላይ፣ ሌላው 8 ላይ። መካከሉ ባዶ ነው። 6 ያገኘ ኮሜዲ የለም ማለት ይቻላል!

ወደ ፎቶዎቹ ተመልሼ ከዝቅተኞቹ ጎን የተጻፈውን አነበብኩ። በአንዱ ላይ «በድሃ ይስቃል»። በሌላው «ዘበኛውን ሰው አላደረጉትም»። በሦስተኛው «ሴትዮዋ ምን አደረገች?» 8 ካገኙት በአንዱ ላይ ደግሞ «ሀብታሙ ወደቀ፤ ሳቅን»። ይህ በየትኛውም የዘውግ ዝርዝር ውስጥ የለም። ለኮሜዲዎቹ በሙሉ አንድ ዓምድ ጨምሬ፣ የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ እኔው አይቼ ሞላሁ። ያላየኋቸውን የታሪክ ማጠቃለያቸውን አነበብኩ። አራት ማታ ወሰደብኝ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ደስ ያለኝ ክፍል ነው።

መጋቢት 22

አንድ ጥያቄ አነሣሁ፦ አጎቴ ራሳቸው ከራሳቸው ጋር ምን ያህል ይስማማሉ? ሁለት ጊዜ ያዩዋቸው 43 ፊልሞች አሉ። በሁለቱ ማርኮች መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 1.35 ነው። ይህ ከሆነ ከዚያ እጅግ የሚያንስ ስሕተት ከማሽን መጠበቅ ዘበት ነው።

ግን ልዩነቱ እኩል አልተከፋፈለም። 24ቱ ላይ 0.6፣ 19ኙ ላይ 2.3። በምን እንደሚለያዩ ለማየት ዓምዶቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ዘውግ አይደለም፣ ቦታ አይደለም፣ ዓመት አይደለም። የመጀመሪያውን ቁጥር ያስቀመጥኩበት ዓምድ ላይ ስደርስ ቆምኩ። 19ኙም በመጀመሪያው ዕይታ 50፣ 60፣ 70 ተብለው የገቡት ናቸው።

ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። ዜሮ አይደለም። ከቁጥሩ ቀኝ ትከሻ ላይ፣ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ጫፏ በጥንቃቄ የተገጠመች ትንሽ ክብ ናት። የአጎቴ ዜሮ ሞላላ ነው፤ ይህቺ ድፍን ክብ ናት፣ መጠኗም የዜሮ ግማሽ አይሆንም። 74 ጊዜ ዜሮ ብለን አልፈናታል።

መጋቢት 25

ሄጄ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ጋሼ፣ ይህቺ ክብ ምንድን ናት?»

«ድጋሚ ይታረም።»

«ምን ማለት ነው?»

«የተማሪ ወረቀት ሳርም ደክሞኝ ከሆነ፣ ወይ መብራት ጠፍቶ በሻማ ከሆነ፣ ማርኩን እጽፍና ክብ አደርግበታለሁ። ጠዋት ነቅቼ እንደገና አየዋለሁ። ፊልሙም እንደዚያው ነው። አርፍጄ ገብቼ ይሆናል፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል፤ ቪዲዮ ቤት ሰው ሲንጫጫ ይሆናል። ለዚያ ፊልም ሙሉ ማርክ ሰጠሁ ማለት አልችልም። ቁጥሩን ብቻ ነው እንዴ የገለበጥሽው?»

እግረ መንገዴን ማርክ ስለሌላቸው 34 መስመሮች ጠየቅኩ። ረስተዋቸው ይሆናል ብዬ ነበር የጣልኳቸው።

«ፈተናውን ጥሎ ለወጣ ተማሪ ማርክ አይሰጥም» አሉ። «ተነሥቼ ነው የወጣሁት።»

ቤት ገብቼ 34ቱን ዘረዘርኩ። 22ቱ የበቀል ፊልሞች ናቸው፤ ቤተሰቡ የተገደለበት ሰው ገዳዮቹን አንድ በአንድ የሚጨርስበት ዓይነት። እስካሁን የእኔ ሠንጠረዥ የሚለው ግን አጎቴ አክሽን ይወዳሉ፣ አማካዩ 6.8 ነው የሚል ነበር። ትክክል ነው፤ እስከ መጨረሻ ተቀምጠው ያዩት አክሽን 6.8 ነው። የማይወዱት ማርክ ሳያገኝ ስለቀረ አማካዩ ውስጥ አልገባም። በጣም የጠሉትን በገዛ እጄ ከመረጃው አውጥቼ፣ በቀረው ላይ ስለሚወዱት ነገር ስናገር ነበር ማለት ነው። ባለፈው ወር ይዤላቸው ከሄድኳቸው አራት ፊልሞች ሦስቱ የበቀል ነበሩ። አንዳቸውንም አልጨረሱም።

«አም» አምፒር ነው። አምባሳደርን «አምባ» ብለው ነው የሚጽፉት።

ሚያዝያ 2

ጥገናዎች። ክብ ላለባቸው ማርኮች በሥልጠናው ውስጥ ሩብ ክብደት ሰጠሁ። ሙሉ በሙሉ ላስወጣቸው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ደክሞት የተሰጠም ማርክ ጥቂት ነገር ይናገራል። 34ቱን ዜሮ ብዬ አላስገባኋቸውም፤ እሳቸው ያልሰጡትን ቁጥር መስጠት ስለሆነ። «ጥለው ይወጡ ይሆን?» ለሚል የተለየ ጥያቄ ማሠልጠኛ አደረግኳቸው። ፕሮግራሙ አሁን መጀመሪያ ይህንን ይጠይቃል፤ ካለፈ ብቻ ማርክ ይገምታል።

ክብ የሌለባቸው የፈተና ማርኮች 119 ናቸው። በእነሱ ላይ ባዶው አማካይ 1.38፣ የድሮው ሪግሬሽን 1.33፣ የተጠገነው 1.17። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ፊልሞች ላይ የተለኩ ናቸው፤ ይህንን አሁን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ነው የምጽፈው። ከመሻሻሉ አብዛኛው የመጣው ከሁለት ቦታ ነው፦ ከክቡ ክብደትና «በማን ይሳቃል» ከሚለው ዓምድ። 25 ሚሊዮኑ ማርክ ድርሻው ትንሽ ሆኖ ቀረ።

ሙቪሌንስ ለብዙ ፊልሞች 1,129 መለያ ቃላት የሚስማሙበትን መጠን የያዘ ሌላ ሠንጠረዥ አለው። ሞከርኩት። በ312 ፊልም ላይ 1,129 ዓምድ ማስገባት የሠለጠነበትን ሸምድዶ ፈተናው ላይ መውደቅ ነው፤ ወደቀም። ተውኩት።

አምስት ፊልም መርጬ ወሰድኩ።

ሚያዝያ 18

ከአምስቱ ሁለቱን አይተዋል። ፕሮግራሙ 7.8 ላለው 6፣ 7.1 ላለው 7 ሰጡ። ጥለው አልወጡም። ማርኩን በቃል ነው የነገሩኝ፤ ደብተሩ ላይ አልጻፉትም። ሦስቱን ስጠቅስላቸው ብዙም አልጓጉም።

«ያቺን የክቦቹን ዝርዝር አምጪልኝ» አሉ።

ከ74ቱ 19ኙ በኋላ ተመልሰው ታይተዋል። የቀሩትን 55 በትልልቅ ፊደል አትሜ ወሰድኩላቸው፤ ማተሚያ 20 ብር። በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ አነበቡ። አንዳንዱ ላይ «ይሄ መብራት የጠፋ ጊዜ ነው» ይላሉ፤ አንዳንዱን ዝም ብለው ያልፉታል። በመጨረሻ በ1981 ዓ.ም. ሲኒማ ራስ ያዩት አንድ የህንድ ፊልም ላይ ቆሙ። ማርኩ 5፣ ከክብ ጋር። አስተያየቱ «ዝናብ፤ ጣሪያው» የሚል ብቻ ነው። ጣሪያው ሲንጫጫ ዘፈኑን አልሰሙትም።

በተነባቢ ብቻ በሚያወዳድረው ስልት ርእሱን መፈለግ ጀመርኩ። 

ሚያዝያ 23

የህንዱን ፊልም በሁለት ቀን ፍለጋ አገኘሁት፤ ዛሬ አዩት። ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ያንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ አስቁመው ውኃ ጠጡ። ዘፈኖቹ ሲመጡ ድምፁን ራሳቸው ከፍ አደረጉት።

ሲያልቅ ሦስተኛውን ደብተር ከመሳቢያ አውጥተው ከ2011 ዓ.ም. መስመር ቀጥሎ ቀኑን ጻፉ፤ ርእሱን፤ «ቤት»፤ 8። ከዚያ የመጀመሪያውን ደብተር እንዳወጣ አዘዙኝ፤ ገጹን አገኙና በ5ቱ ትከሻ ላይ ያለችውን ክብ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዟት። 5ቱን አልነኩትም።

54 ቀርቷል። ከእነዚህ 30ዎቹን ማግኘት የምችል ይመስለኛል። የሚቀጥለው ሥራ የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፦ ያላዩትን ከመገመት በፊት ክብ ያለባቸውን በተራ ማቅረብ፣ አዲሱን ማርክ መመዝገብ፣ ክብደቱን ወደ ሙሉ መመለስ፣ ከዚያ እንደገና ማሠልጠን። ለሚመጣው ሳምንት ሦስት አዘጋጅቻለሁ።